የሙሽራው ፊትና የሀብታሙ ሙዚቃ

ፊልም ስታዩ ድምፁን አጥፍታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሞክሬዋለሁ። አንድ ሰውዬ ደረጃ ይወጣል፤ በቃ፣ ደረጃ ነው የሚወጣው። ድምፁን ስትመልሱት ግን ከሥር የሚጎተት ሙዚቃ አለ፤ ያን ጊዜ ሶፋችሁ ላይ ሆናችሁ «ተው፣ አትውጣ» ማለት ትጀምራላችሁ። የሚያስፈራው ደረጃው ነው ሙዚቃው? የእህቴ ልጅ የይታይሽ ሠርግ እስኪመጣ ድረስ የገባኝ ይመስለኝ ነበር።

ሙሽሮቹ ለመልስ ወደ እህቴ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም መጥተዋል። የሠርጉን ቪዲዮ የቀረጸው ሀብታሙም ከቡሬ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ መጥቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። ሀብታሙ እንደ ሌሎቹ የሰው ዘፈን አይለጥፍም፤ ሙዚቃውን ራሱ በኪቦርድ ይደርሳል። ሠርግም ፊልም ነው ባይ ነው።

በቪዲዮው ሙሽራው ታደለ ድንኳኑ በር ላይ ብቅ ሲል አንድ ወፍራም፣ ዝግ ያለ ድምፅ ከሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ታደለ ፊቱን አጨማደደ፤ ግራ ቀኝ አየ። ድምፁ ከፍ አለ። እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አዲሱ ጫማ ጠቦት እንደነበር የሠርጉ ዕለት ራሱ በጆሮዬ የነገረኝ እኔ እንኳ፣ ይሄ ልጅ ምን አስቦ ነው ብዬ ጠረጠርኩት።

የሙሽራዋ አባት መሪጌታ ልሳነወርቅ ዕድሜያቸውን በዜማ የጨረሱ ሰው ናቸው። እሳቸው ባደጉበት የዜማ ቤት በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፤ በበዓልም የሐዘን ዜማ አይነሣም። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህ ዜማ ያለ ነገር አልተነሣም» አሉ ሀብታሙን እያዩ። «ስለ ልጁ የምታውቀው ነገር አለ። እስኪጣራ ይታይሽ እዚሁ ትቆያለች።»

ይታይሽ እንባዋ መጣ። ታደለ ስለ ጫማው ቢያስረዳ ማን ይስማው? ጫማ እንዲህ ያለ ድምፅ የለውም። ሀብታሙ ፊልም እንዲመስል ብዬ ነው ብሎ ቢምል ቢገዘት፣ «ታዲያ ለምን በእሱ ላይ?» አሉት። እኔም ግራ ገባኝ።

በመጨረሻ ሀብታሙ ጥግ ይዞ ላፕቶፑን ነካክቶ እንደገና አሳየን። ያው ታደለ፣ ያው የተጨማደደ ፊት፤ ከሥሩ ግን ዋሽንት ገብቷል። ለካ ልጁ ለሚስቱ አንጀቱ ተላውሶ ነው! እህቴ አለቀሰች። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጨዋ ልጅ ነው» አሉ፤ «ሂዱ፣ ውለዱ ክበዱ።» እኔም እንባዬን ጠረግሁ፣ ለፍቅሩ ይሁን ለጫማው ሳላውቅ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቪዲዮው ግን አልቆመም፤ ቀጥሎ እኔ መጣሁ፣ ከተንጠለጠለው ጥሬ ሥጋ ፊት ቢላዋ ይዤ። ያ ወፍራም ድምፅ ከሥሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወደ ሀብታሙ ዞርኩ።

«ጋሼ፣ ያን ያህል የለፋሁበትን ሙዚቃ የት ልጣለው?» አለኝ በሹክሹክታ።

መሪጌታ ወንበራቸውን ቀስ አድርገው ከእኔ አራቁ። አልፈርድባቸውም። ያን ቢላዋ የያዘ ሰውዬ ደግሜ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም አላመንኩትም።