የመጨረሻዋ ብስኩትና የሚስተር አልባን ባቡር ጣቢያ

የሃርልዌይት የትንንሽ ባቡር ሠሪዎች ማኅበር፣ አንድ የብስኩት ካርቶን በውስጡ ያለው ሳይበላ መቀደዱን በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። በዚሁ ምክንያት ሐሙስ ማርች 3 ቀን 1983 ከምሽቱ 1 ሰዓት በጸሎት ቤቱ የኋላ አዳራሽ አስቸኳይ ስብሰባ ተደርጓል።

የተገኙ፦
ሚስተር ሴድሪክ ሃላም፣ ሰብሳቢ
ሚስስ ግዌንዳ ፕሊመር፣ የደንብ ተቆጣጣሪ
ሚስተር አልባን ትሬልፎል፣ ተከሳሽ (በራሳቸው ጥያቄ “አባል” ተብሎ ተስተካክሏል)
ሚስ ኔስታ ቡዝሮይድ፣ ጸሐፊ

ምልአተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ስለነበሩ በድምፃቸው ተቆጥረዋል።

አጀንዳ 1፦ የካርቶኑ ትርፍራፊነት

በማኅበሩ ደንብ ለትንንሾቹ ባቡሮች ማንኛውም ቤት የሚሠራው ከትርፍራፊ ብቻ ነው። ሚስተር አልባን ክረምቱን ሙሉ ከአይስክሬም እንጨት፣ ከክብሪት ቀፎና ከካርቶን የሠሩት ጣቢያ ቅዳሜ ለሕዝብ ሊታይ ነው። ሚስስ ግዌንዳ ግን ጣሪያ የሆነው ካርቶን ሲቀደድ ብስኩቶቹ በሕይወት እንደነበሩ አመለከቱ። “ያልተበላ ነገር ምኑ ነው ትርፍራፊ? ይሄ ጣሪያ አይደለም፣ ዝርፊያ ነው!” አሉ። ሚስተር አልባንም “አንቺ ከእርጎ ዕቃ የሠራሽው የውሃ ጋን እኮ እስካሁን እርጎ እርጎ ይሸታል” ሲሉ መለሱ። ሰብሳቢው ሽታ አጀንዳ አለመሆኑን አሳሰቡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ብስኩቶቹ ስብሰባው ሳይዘጋ ተበልተው ካለቁ ካርቶኑ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ትርፍራፊ እንዲባል፣ አንዲት እንኳ ብትተርፍ ግን ጣቢያው እንዲታገድ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ አፈጻጸም

ሻይ ቀርቦ ውሳኔው ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ። አንዲት ስትቀር ሥራው ቆመ። የመጨረሻዋን ብስኩት ያነሣ ሰው እዚህ ከተማ ስሙ እስከ መቃብሩ ይነሣል።

“ይብሏት እንጂ ሴድሪክ” አሉ ሚስስ ግዌንዳ።

“ኧረ ጠግቤያለሁ! አልባን፣ ጣቢያው ያንተ ነው፣ ዋጥ አድርጋት!” አሉ ሰብሳቢው።

“ሞቼ ነው! ሆዳም ልባል?” አሉ ሚስተር አልባን። እጃቸው ወደ ሳህኑ ትንሽ ሄዶ ተመለሰ። ጸሐፊዋም ብዕር መያዟን ገልጻ ይቅርታ ጠየቀች። ሰብሳቢው ብስኩቷ ለሁለት እንድትከፈል ሐሳብ ቢያቀርቡም፣ የመጨረሻ ብስኩት ሁለት ይሆናል በሚል ውድቅ ተደረገ።

ሚስተር አልባን ጣቢያቸውን በጨርቅ መሸፈን ጀመሩ። በዚህ መሐል ሳንቲም ሲበላ ብቻ መብራት የሚሰጠው የአዳራሹ ቆጣሪ ስለተራበ መብራት ጠፋ። ሳንቲም ተጨምሮ መብራቱ ሲመለስ ሳህኑ ባዶ ነበር። ማን እንደበላት ሊታወቅ አልቻለም።

ውሳኔ፦ ብስኩት ከሌለ ክስ የለም፤ ስለዚህ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠርና ጣቢያው ቅዳሜ እንዲቀርብ በሙሉ ድምፅ ተስማምተን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተለያይተናል።

ማረሚያ፦ ከላይ “ማን እንደበላት ሊታወቅ አልቻለም” የተባለው፣ “ሚስስ ግዌንዳ አፋቸው ሞልቶ ስለነበር ድጋፋቸውን እጅ በማውጣት ብቻ ገልጸዋል” ተብሎ ይነበብ።