በእትዬ አስቴር አጥር ላይ ያረፈው ፉርጎ

ሰው የሚጠረጠረው ሲዋሽ ነው የሚል ካለ፣ ያ ሰው ሰፈር ውስጥ ኖሮ አያውቅም ማለት ነው። ሲዋሽማ ማን ይጠረጥረዋል? ውሸት ከመጀመሪያውም የሚሠራው ለሰሚው እንዲመች ተደርጎ ነው፤ ጫፉ ተከርክሞ፣ ሸካራው ተልጎ ይቀርባል። እውነት ግን ስለ ሰሚው ግድ የላትም። በተለይ ተናጋሪውን ትንሽ ቂል የምታስመስል እውነት ከሆነች፣ በመሐላም በምስክርም አትታመንም። ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምለው፤ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በገዛ ሰፈሬ ደርሶብኝ ነው።

የኔን እውነት ልንገራችሁ። እኔ ፒያሳ መነጽር ቤት ያለኝ፣ ትዳርና ቦርጭ ያበጀሁ ሰው ነኝ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ፉርጎ እሠራለሁ። አዎ፣ የባቡር ፉርጎ፣ ያውም የጭነት። ናፍጣ ከመምጣቱ በፊት፣ በእንፋሎቱ ዘመን፣ በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል ጨውና ቡና፣ ቆዳና አቡጀዲ ያመላልሱ የነበሩትን ፉርጎዎች ከእውነተኛቸው አርባ አምስት ጊዜ አሳንሼ ከእንጨትና ከቆርቆሮ እሠራለሁ። ለመነጽር የሚሆነው ብሎን ለፉርጎ ፍሬንም እንደሚሆን ከኔ በቀር የሚያውቅ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሐዋሳ ሐዲድ የላትም፤ ይህን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም። ባለቤቴ ጽጌ ሥራዬን «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ትለዋለች። ሐይቅ ያለው ከተማ ተቀምጦ የእጅ ሥራ የሚያምረው ሰው ቢያንስ ጀልባ አይሠራም ወይ ባይ ናት። ጀልባማ እንጨት የሚንሳፈፍ መሆኑን ያወቀ ሁሉ ይሠራል። እኔ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ ልጅ ሆኜ ከጣቢያው ጓሮ፣ ሥራ የፈቱ አሮጌ ፉርጎዎች ውስጥ ድብብቆሽ ስጫወት ነው የኖርኩት። የጣውላቸውን ስፋት በመዳፌ አውቀዋለሁ።

ደግሞ ለምን ፉርጎ ብቻ ትሉኝ ይሆናል። ባቡር እወዳለሁ የሚል ሰው ሁሉ የሚወደው ከፊት ሆኖ የሚያፏጨውንና የሚጨሰውን ጎታች ነው። ሥዕሉ የሚሰቀለው እሱ፣ ልጅ የሚሮጥለትም እሱ። እስቲ ጨውን የተሸከመው ማን ነው? መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ሁሉ መልሱን ታውቁታላችሁ፤ የሚያፏጨው ሌላ፣ የሚሸከመው ሌላ ነው። ስለዚህ እኔ ለተሸካሚው ቆሜያለሁ፤ ስቆምለት ደግሞ በትክክል ነው። ጣውላው ቁጥሩን አያጎድልም፣ የጣሪያው ጉብታ አይበዛም አያንስም፣ ቀለሙም ያው ፀሐይ ያጠወለገው ቀይ ቡናማ ነው። በዚህ የተነሳ በቤቴ ውስጥ አንድ ቃል ክልክል ነው፤ መጫወቻ የሚለው ቃል። ጽጌ አልፎ አልፎ ትጥሰዋለች፤ ሌላ ሰው ግን ሞክሮት አያውቅም።

ነገሩ የተነሳው ከበር ነው። ድሬዳዋ ያለ፣ እንደኔው ፉርጎ የለከፈው የልጅነት ጓደኛ አለኝ። አዲሱን ፉርጎዬን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ብልክለት፣ እንኳን ደስ አለህ እንደማለት፣ በርህ ጠቧል ብሎ መለሰልኝ። ጆንያ በትከሻው ያጋደመ ተሸካሚ በዚህ በር አይገባም አለ። ቁርስ አልበላ አለኝ። ልኬን አውቃለሁ፤ ግን ማወቅና ማሳየት ይለያያል። ስለዚህ ፉርጎውን በእውነተኛ መጠኑ መሬት ላይ ልሰምረውና ጆንያ ተሸክሜ በበሩ ልገባ ቆረጥኩ። የግቢያችን ስፋት ግን ፉርጎ ቀርቶ የልብስ ገመድም በቅጡ አያስዘረጋም። የቀረኝ የሰፈራችን መንገድ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ወጣሁ። ባጃጅ እንዳይገጨኝ የጽጌ ወንድም ጥሎት የሄደውን ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ ለበስኩ። የሜትሩን ጫፍ እንዲይዙልኝ የሰፈራችንን ዘበኛ፣ ጋሽ ዱካሞን ለመንኩ። ምን እየለካን ነው ቢሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ፉርጎ ነው፣ በሩ እዚህ ጋ ይሆናል፣ ፍሬኑ እዚያ ማዶ። ጋሽ ዱካሞ ባዶውን ኮብልስቶን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያም ሜትሩን ጠበቅ አድርገው ያዙ። በጠመኔ ያደረግሁትን ምልክት የባጃጅ ጎማ እየጠረገ ቢያስቸግረኝ የፉርጎውን ቀይ ቀለም ከነብሩሹ አመጣሁ። ሦስቱ ማዕዘኖች መንገዱ ላይ አረፉ። አራተኛው ግን መንገዳችን እዚያ ጋ ስለሚታጠፍ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ቤት፣ የቆርቆሮ አጥራቸው ላይ አረፈ። እዚያም ትንሽ የመደመር ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ከሰል የያዘ ጆንያ በትከሻዬ አጋድሜ በበሩ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ደግሜ ገባሁ። በሩ ትክክል ነበር። ፎቶውን ወደ ድሬዳዋ ልኬ ቁርሴን በላሁ።

እስቲ አሁን እናንተ ፍረዱ። በዚህ ዘመን፣ በአገራችን ከተማ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ሜትር ዘርግቶ አጥራችሁ ላይ ቀይ ቀለም ቢቀባ ምን ትላላችሁ? ለፍቅር ነው ትላላችሁ? ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይላል የአገሬ ሰው፤ የኛ ሰፈር ሰው የጨመረበት ግን የባቡር ጣቢያ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ባቡር በሰፈራችን ሊያልፍ ነው ተባለ። ማታ ላይ ቆሞ ሰው እንደሚያሳፍርም ታወቀ። የወሬው ምንጭ ጋሽ ዱካሞ ነበሩ፤ አንዲት ቃል አልጨመሩም፣ ያልኳቸውን እንዳለ ነው የተናገሩት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ቤቴ መጡ። በትሕትና ነው የመጡት፤ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ስንት ስንት ሜትር እንደሚነሳ ብቻ ብነግራቸው ይበቃቸው ነበር። ከመካከላቸው እትዬ አስቴር አሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ያንን ቤት ሁለቱ ተጋግዘው፣ አንድ ዓመት ግድግዳውን፣ ሌላ ዓመት ጣሪያውን እያሉ ነው ያቆሙት። የጓሮውን ክፍሎች ለኮሌጅ ተማሪዎች ያከራያሉ፤ መተዳደሪያቸው ይኸው ነው። አፍ አፌን ብቻ ያዩኛል።

አስረዳሁ። ባስረዳሁ ቁጥር ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። የድሮ ባቡር ነው ስላቸው፣ ያንኑ መልሰው ሊያመጡት ነው ማለት ነው ተባባሉ። ለራሴ ደስታ ነው ስላቸው፣ ሰው ለደስታው ብሎ በቅዳሜ ማለዳ ከሰል ተሸክሞ መንገድ ላይ ይመላለሳል ወይ አሉኝ። ቢቸግረኝ ፉርጎውን አሳየኋቸው። አቧራ እንዳይነካው በመስታወት ሸፍኜው ነበር። በሩን አንሸራትቼ ከፈትኩላቸው፣ የፍሬኑን መዘውር አዞርኩላቸው። ከጎረቤቶቼ አንዱ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጎንበስ ብለው አዩና፣ ናሙናው እኮ እዚሁ ነው ያለው አሉ በቀስታ። እውነትም ቤት ከመፍረሱ በፊት ሁልጊዜ የሚመጣው ያማረ ናሙና ነው፤ በመስታወት ተሸፍኖ። ሥራዬ አምሮ በመሠራቱ የተጎዳሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ጽጌ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና መጫወቻ ነው በላቸው አለችኝ። ልበላቸው ነበር፤ እውነቴን ነው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኔ ግን ፉርጎው ላይ አረፈ፤ ጣውላው፣ የምስማሩ ራስ፣ የበሩ ማጠፊያ። ኮስተር ብዬ «ይህ መጫወቻ አይደለም» አልኳቸው። አንድ በአንድ ተነስተው ወጡ።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ሰኞ ጠዋት አንድ ደላላ እትዬ አስቴር ቤት ገባ። ነገሩ በይፋ ሳይነገር ቶሎ ቢሸጡት ይሻላል፣ ወሬውን ያልሰማ ገዢ ከሌላ ከተማ ይዣለሁ፣ ዋጋው ቢያንስም ካሳ እጠብቃለሁ ብሎ ከመክረም ይሻላል አላቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ምስክር ተቀምጦ ውሉ ሊፈረም፣ እሳቸውም ዕቃቸውን ይዘው ሌላ ከተማ ወዳለች ልጃቸው ቤት ሊገቡ ተወሰነ። ይህን የነገረችኝ ጽጌ ናት። በዚያ ዕድሜ የራስን ቤት ትቶ በልጅ ቤት እንግዳ መሆን ምን እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። ሁሉም ደግሞ ከኔ ብሩሽ የመጣ ነው።

እየሮጥኩ ሄድኩ። በሚማልበት ሁሉ ማልኩ። ባቡር የለም፣ ሐዲድ የለም፣ እኔም ከመነጽር በቀር የምንም ሹም አይደለሁም አልኳቸው። እትዬ አስቴር እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና በርኅራኄ አዩኝ።

«አውቃለሁ ልጄ፣ ምስጢር ነው ብለውህ ነው» አሉኝ። «እኔ የሰው እንጀራ አልዘጋም። ጌታ ይርዳህ።»

ሌሊቱን ሳሰላስል አንድ ነገር ብቻ ተገለጠልኝ። ሰዎቹን ያሳሳታቸው ወሬው አይደለም፤ የኔ ቁም ነገረኛነት ነው። ትልቅ ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ ሲሠራ ያዩት የመንግሥት ጉዳይ መስሏቸው ነው። ስለዚህ እንዲያምኑኝ የግድ መናቅ ነበረብኝ። እኔ ደግሞ መናቅን ለምጄው አላውቅም።

ማክሰኞ ሱቁን ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ኮቴንና ክራባቴን እንደለበስኩ ቤት ገባሁ፣ መስታወቱን አነሳሁ፣ ከጽጌ የሹራብ ክር በጥሼ ፉርጎው መንጠቆ ላይ አሰርኩ። ጽጌ አየችኝና በሩን ከፈተችልኝ። እትዬ አስቴር ደጃፍ ጠረጴዛ ወጥቶ፣ ደላላው ብዕሩን ከፍቶ፣ ምስክሮቹ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ቆሟል። እኔም ክሩን ይዤ ፉርጎዬን መሬት ለመሬት እየጎተትኩ በመካከላቸው አለፍኩ።

ፉርጎ ለሐዲድ እንጂ ለኮብልስቶን አልተሠራም። ገና ጥቂት ሳልሄድ አንዱ ጎማ ወለቀና ተንከባለለ። በሩ ተገነጠለ። ጣሪያው ሲላጥ ድምፁ ደረቴ ድረስ ተሰማኝ። ክብሬ ሄዷል፣ ያልሄደ ነገር እንዳይቀር ብዬ አፌን አሹዬ እንደ ባቡር አፏጨሁ። ልብ በሉ፤ ፉርጎ አያፏጭም፤ የሚያፏጨው ጎታቹ ነው። በሕይወቴ የሠራሁት ብቸኛ የታሪክ ስሕተት ይህ ነው። ደጃፋቸው ስደርስ ቆምኩና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«መጫወቻ ነው። የኔ መጫወቻ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ዱካሞ ናቸው፤ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ተከተላቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ፤ መነጽሩ የኔው ሥራ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ፣ ለዚህ ሰው እንኳን ባቡር ብስክሌትስ ማን አምኖ ይሰጠዋል ብሎ ብድግ አለ፤ ሌሎቹም ወንበራቸውን አነሱ። ደላላው ትንሽ ተከራከረ፤ የሚሰማው ሲያጣ ወረቀቱን ጠቅልሎ ሄደ። ቤቱ ተረፈ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔዋ እውነት ግን በክር ተጎትታ ነው የጠራችው።

ፉርጎውን ለመሰብሰብ ጎንበስ ስል እትዬ አስቴር የወለቀውን ጎማ ከቦይ ውስጥ አንስተው፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ምስጋና ቢጤ ከሳቸውም እንደጠበቅሁ አልክድም፤ ለነገሩ ቤት ያህል ነገር አትርፌላቸዋለሁ። እሳቸው ግን አጥራቸው ላይ ያለውን ቀይ ምልክት አዩት፣ መንገዱ ላይ የተበተነውን ጣውላ አዩት፣ ክራባቴን አዩት፤ በመጨረሻም በረጅሙ ተነፈሱ።

«ባቡር መጣብኝ ብዬ ልሸጠው ነበር» አሉ። «ለካ የመጣብኝ ጎረቤት ነው፤ ለሱ ደግሞ ካሳ የሚከፍል የለም።»