የኮልፌው ዘበኛና የእኔ መቀመጫ

ሐበሻ ሐኪሙን የሚመርጠው በሪዙ ነው! አትቆጡኝ... እናንተም ያው ናችሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። እሑድ ልሞሸር፣ ሐሙስ ዕለት ግራ መቀመጫዬ ላይ ብጉንጅ ወጣብኝ። ሙሽራ ዳስ ውስጥ የሚውለው በምኑ ይመስላችኋል?

እያነከስኩ ኮልፌ፣ ሰፈራችን ወዳለው ክሊኒክ ሄድኩ። ክሊኒኩ ያለው ሠራተኛ ሦስት ነው፦ አንድ ቁስል አጣቢ ድሬሰር፣ አንዲት ነርስና ዘበኛው ጋሽ ደምሴ። የሥራ ክፍፍላቸውን ልንገራችሁ። ድሬሰሩ ቀኑን ሙሉ ሪፖርት ይጽፋል፤ ጸሐፊ አልተቀጠረማ! ነርሷ፣ ያቺ ስንት ዓመት የተማረችው ልጅ፣ ከአስኮ እስከ አየር ጤና በእግሯ እየዞረች አራስ ታያለች፤ ስትመለስ ውኃ ትቀዳለች። ጋሽ ደምሴስ? እሳቸው ያክማሉ።

የዚያን ዕለት ግን ነርሷ ነበረች። ባልዲዋን አስቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣

«ምንዎን ነው ያመመዎት?» አለችኝ።

እንዴት ብዬ ልንገራት! ሽበት የላት፣ ሪዝ የላት...

«ራሴን።»

«ታዲያ ለምን ያነክሳሉ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ግን አግኝቻለሁ። ጋሽ ደምሴ በካፖርታቸው ላይ ነጭ ጋዋን ደርበው፣ ሪዛቸውን እያፍተለተሉ በሩ ላይ ቆመዋል። ምን የመሰሉ ሐኪም! ሹልክ ብዬ ወደ እሳቸው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ብጉንጅ ነው፤ እሑድ ሰርጌ ነው፣ ያውጡኝ!»

«ዙር! ሱሪህን ዝቅ! ይሄ ያንድ መርፌ ሥራ ነው።»

«በግራ በኩል እኮ ነው...»

«አውቃለሁ! እንዳያምህ ብዬ በቀኝ እወጋሃለሁ።»

ዓርብ ቀኙም አበጠ። ከድጡ ወደ ማጡ!

ቅዳሜ እናቴ ነርሷን ቤታችን ድረስ ይዛት መጣች። ልጅቱ የግራውን በቅጽበት አፍርጣ፣ አጽድታ፣ አሸገችው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«የቀኙስ?» አልኳት።

«እሱ የጋሽ ደምሴ ነው፤ ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ አይቀመጡ።»

«ነገ ሰርጌ ነው!»

«ቆመው ያግቡ።»

እሑድ ሙሽሪት ተቀመጠች፤ እኔ ቆምኩ። ሚዜዎቼ ኮቴን ጎተቱ... ወይ ፍንክች! ዳሱ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሣ። «ሊሄድ ነው እንዴ?» «ልጅቱን ንቆ ነው!» የሙሽሪት አባት ፊታቸው ጠቁሮ ብድግ አሉ። በቃ፣ ልጃቸውን ሊነሡኝ ነው አልኩ።

«እዩት!» አሉ ጮክ ብለው። «ሽማግሌ ባለበት አልቀመጥም ያለ ሙሽራ ዛሬ አየሁ! እግዜር የሰጠኝ ጨዋ ልጅ ነው!»

እልልታው ቀለጠ።

የቀኙም በሳምንቱ ዳነ። እኔ ግን ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አማቴ ቤት ስሄድ ወንበር የሚያቀርብልኝ የለም።