የቀይ ባሕር ትንፋሽ

(ዘመኑ የደርግ፣ ቦታው መካኒሳ አቦ አካባቢ ያለ የቀበሌ ቤት። ደምሰው የአየር ጠባይ ጥናት ሠራተኛ ነው። ባለፈው ሰሞን ከፈረንጆች ጋር በአውሮፕላን ቀይ ባሕር ላይ በርሮ መጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ አፉ አልተዘጋም፣ ሰፈሩን በወሬ አደንቁሮታል። አሁን ከታላቅ እህቱ ከእትዬ ውዳሴ ጋር ተፋጠዋል።)

ደምሰው፦ እትዬ፣ ጋዝ ያለባቸውን ጠርሙሶች የት አደረሷቸው?

ውዳሴ፦ ይኸውልህ አልጋ ሥር፤ ጢም ብለው ሞልተዋል።

ደምሰው፦ (አንዱን ከፍቶ ያሸታል) ይሄ እኮ ላምባ ነው!

ውዳሴ፦ ጋዝ አላልክም እንዴ? ቀበሌ ሱቅ ጋዝ መጣ ሲሉኝ ባዶዎቹን ይዤ ሮጥኩ።

ደምሰው፦ ባዶ አልነበሩም! ጋዝ ነበረባቸው!

ውዳሴ፦ ማርያምን፣ አንድ ጠብታ አልነበረባቸውም! ዘቅዝቄ አራግፌያቸዋለሁ።

ደምሰው፦ አራገፏቸው?! (ራሱን ይይዛል) አለቀልኝ! የቀይ ባሕርን ትንፋሽ መካኒሳ ላይ ደፉት!

ውዳሴ፦ ባሕር ምን አፍ አለውና ይተነፍሳል?

ደምሰው፦ (ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ማስረዳት ከመጣ ንዴቱንም ይረሳል) ባሕር ወደ አየር የሚያወጣው ጋዝ አለ፣ ከአየር የሚስበውም አለ። እኛ ሳይንቲስቶች ደግሞ ከላይ ሆነን እንለካዋለን።

ውዳሴ፦ ስንት ሊትር ወጣው?

ደምሰው፦ የምን ሊትር! ከሚሊዮን እጅ አንድ እጅ ቢገኝ ነው።

ውዳሴ፦ ወይ ጉድ! ቀበሌ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይሰጣል።

ደምሰው፦ እትዬ፣ አይቀልዱ! ነገ ጠዋት ካላስረከብኩ አሻጥረኛ ተብዬ ከሥራ መባረሬ ነው!

ውዳሴ፦ (ደንግጣ) ውይ ወንድሜን! በል ላምባውን ልገልብጥና እንደገና እንሙላቸው። ነፋስ ስልክ አጠገብ ተቀምጠህ ነፋስ ቸገረህ?

ደምሰው፦ የዚህ ሰፈር ነፋስ አይሆንም! እኔ ራሴ፣ በዚህ እጄ፣ ልክ ባሕሩ ላይ ስንደርስ ክዳናቸውን ከፍቼ ነው የሞላኋቸው።

ውዳሴ፦ እጅህን በመስኮት አውጥተህ? ብትወድቅስ ኖሮ?

ደምሰው፦ (እየሳቀ) እትዬ ደግሞ! የአውሮፕላን መስኮት መቼ ይከፈታል?

ውዳሴ፦ ታዲያ የባሕሩ ትንፋሽ በየት ገባልህ?

(ደምሰው ጠርሙሱን አንስቶ ክዳኑን ያገላብጣል።)

ደምሰው፦ ፈረንጆቹማ... ወደ ውጭ የወጣ ቱቦ ነበራቸው። እኔ የሽንት መስሎኝ፣ አፍሬ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ውዳሴ፦ አንተስ የት ተቀምጠህ ነበር?

ደምሰው፦ ከፓይለቱ ጀርባ። (አልጋው ላይ ዘፍ ይላል፤ በራሱ ሳቅ ያመልጠዋል) አይ የኔ ነገር! አገር ምድሩን ያደነቆርኩት ለካ የፓይለቱን ትንፋሽ ይዤ ነው!

ውዳሴ፦ በቃ፣ ይኸው ነው ያስጨነቀህ? ሂድና ሰውየውን ለእራት ጥራው፤ በልቶ ሲጨርስ እየዞረ ይተነፍስባቸዋል!