የሚጥሚጣው ሕግ

ሂሳብ ከባድ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እመኑኝ፣ አስተማሪው ማርታ አልነበረችም! እኔን እዩኝ። ትምህርትን ከአራተኛ ክፍል ነው ያሰናበትኩት... እሺ፣ እሱ ነው ያሰናበተኝ። ዛሬ ግን ቴፒ ውስጥ በሞተር ሰው አፈናጦ ከሚከንፈው ጎረምሳ ሁሉ ከሠንጠረዥ ሕግ የሚያወጣ ከእኔ ሌላ ካለ እስቲ አምጡልኝ!

ማርታ መምህርነት እየተማረች ነው። ልምምዷን የምትወጣው በእኔ ጭንቅላት ላይ ነው። አንድ ቀን ሠንጠረዥ ሠራችልኝ። በግራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ በቀኝ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ።

"ግራውን ምን ብናደርገው ቀኙን ይሰጠናል?"

"በሦስት ማባዛት!"

"ጎበዝ!"

ይቺ "ጎበዝ" ናት ጉድ የሠራችኝ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ሁሉ በሦስት ካላባዛሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አባቷ ጋሼ ታደሰ ሽማግሌ ልልክ እንደሆነ ሸቷቸዋል። "መጀመሪያ ለቡና ለቀማ ደቦ ይምጣ፣ እጁን ልየው" አሉ። ገባችሁ አይደል? ወይ ሚስት አገኛለሁ፣ ወይ ሞተሬን አቅፌ እተኛለሁ።

በደቦው ቀን አርባ ሰው ወጣ። እኛ ጋ ደግሞ ደቦ ያለ ቡና ቅጠል ሻይ አይሆንም። ቅጠሉ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሚጥሚጣ ጋር ይፈላል። እናቷ እትዬ አስካለ ትልቁን ድስት ጥደው ሚጥሚጣው ብቻ ሲቀር ጎረቤታቸውን ምጥ ያዛት ተባለና እየሮጡ ሄዱ።

"እማዬ እስክትመጣ እንጠብቅ" አለች ማርታ።

"ሰው ጠምቶት? እኔ ምን ሠርቼ ልበላ!"

"ልኩን ታውቀዋለህ?"

"ልኩን? ሕጉን ነው የማውቀው!"

መዋሸቴ አልነበረም። ባለፈው እትዬ አስካለ ለጋሼ ታደሰ ለብቻቸው ሲያፈሉ ሦስት ፍሬ ሚጥሚጣ ሲጥሉ በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። ለአንድ ሰው ሦስት። ለአርባውስ? መቶ ሃያ! ቆጥሬ ከተትኩት። አንድ ፍሬ አላጎደልኩም... ታማኝነቴ ነው የገደለኝ!

ጋሼ ታደሰ አንድ ጉንጭ ጠጡ። ዝም አሉ። ዓይናቸው ግን ዝም አላለም፣ ይፈስ ጀመር። የደቦው መዝሙር መሪ ሃሌሉያ ሊል አፉን እንደከፈተ በዚያው ቀረ። አንዱ እንግዳ ጽዋውን ወርውሮ፣ "ኧረ ጎበዝ! እኔ ከማሻ ብርድ ሸሽቼ መጣሁ እንጂ ልጠበስ ነው እንዴ?" ብሎ ወደ ወንዙ ፈረጠጠ። ሠላሳ ዘጠኙ ተከተሉት። የዚያን ቀን ወንዙ ቢጎድል ድርቅ ነው እንዳትሉ!

እትዬ አስካለ ተመለሱ።

"ስንት ጨመርክ?"

"መቶ ሃያ።"

"ውይ በሞትኩት! አርባ ሁለት ነበር እኮ! ለሰው አንድ አንድ፣ ለድስቱ ሁለት።"

"ለጋሼ ግን ሦስት ጥለው..."

"አንዱ የሱ፣ ሁለቱ የድስቱ!"

እንግዲህ ድስትም እንደ ሰው ድርሻ አለው ብሎ ማን ይጠረጥራል? ማርታ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

"ከአንድ ረድፍ ሕግ ይወጣል ያለህ ማነው? እማዬ ለሁለት ሰው ስታፈላ ብታይ ኖሮ አራት ነው፣ ስድስት አይደለም። ያኔ ማባዛት እንዳልሆነ ይገባህ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም!"

ወዲያው ጋሼ ታደሰ ከወንዝ መጡ። ከንፈራቸው ቀድሟቸው ነው የደረሰው።

"አንተ!"

"አቤት ጋሼ።"

"ሽማግሌ ልትልክ ነበር አሉ?"

"ነ... ነበር።"

"ዛሬ ባየሁት ብፈርድ እስከ ማጂ ነበር የማባርርህ!"

ማርታ ጣልቃ ገባች። "አባዬ፣ ይኼ እኮ አንድ ረድፍ ነው! በአንድ ረድፍ ሕግ አይወጣም።"

ጋሼ ከንፈራቸውን ዳበሱ። ሚጥሚጣው ይሁን ልጃቸው ያለሰለሳቸው እንጃ...

"ቅዳሜ ይመለስ" አሉ። "ሁለተኛውን አይቼ እፈርዳለሁ።"

እና ወገኖቼ፣ እስከ ቅዳሜ ቴፒ ውስጥ እጄን ኪሴ ከትቼ ስንጎራደድ ብታዩኝ ሥራ ፈታ አትበሉ። ሞተር የፈለጋችሁም በእግራችሁ ሂዱ። ምንም ነገር አልነካም... ሁለተኛ ረድፌን እየጠበቅሁ ነው!