የእትዬ አሰፋሽ ማክሰኞ

ሐበሻ ሰብሰብ ብሎ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ፣ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልመረጠውም፣ ማንም አያወርደውም። አትላንታ ላይ ይህ ሹመት የእትዬ አሰፋሽ ነው። ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካለችው ሱቃቸው ሳይመከር የወጣ ደንበኛ እስካሁን አልተገኘም። ሽሮ ሊገዛ የገባ ስለ ደም ግፊቱ ተነግሮት ይወጣል። ስለ ግሪን ካርድ የጠየቀ፣ ስለ ትዳሩ መልስ ያገኛል።

ምንም ይንገሯቸው ምን፣ መልሳቸው አንድ ነው። "አውቃለሁ።"

ነገ ዝናብ ነው ቢባሉ፣ "አውቃለሁ።" እገሊት ወለደች ቢባሉ፣ "አውቃለሁ፣ እኔ እኮ ከእሷ በፊት ነው ያወቅኩት።" የቸርቻቸው ፓስተር እንኳ ለማንም ያልተናገሩትን የእሁድ ስብከት ጀምረው ከፊት ወንበር "አውቃለሁ" የሚል ድምፅ ስለሰሙ፣ ወደ ሌላ ምዕራፍ ዞሩ ይባላል።

የኤርፖርት ቫን የሚነዳው ነጋሽ ይህን እውቀት በራሱ ላይ አይቶታል። አንድ ቀን ወደ ሮዝዌል አቋራጭ ላሳይህ ብለው መሩት። እሳቸው እንዳሉት ቢነዳ ቢነዳ፣ ጎረቤት ስቴት ገብቶ "እንኳን ወደ አላባማ በደህና መጡ" የሚል ሰሌዳ ፊት ተገኘ። ተመልሶ ሲነግራቸው ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም።

"አውቃለሁ" አሉት፣ "መንገዱ እየተሠራ ነው።"

ነጋሽና ሰሎሜ ሲለያዩ ልጃቸው ሃኒ አምስት ዓመቷ ነበር። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን ሃኒን ሊቀባበሉ በተገናኙ ቁጥር አንዴ በጃኬት፣ አንዴ በመኪና ወንበር፣ አንዴ በቤት ሥራ ይነታረካሉ፤ ልጅቷም መሃል ቆማ ጫማዋን ታያለች። ዲኬተር ፍርድ ቤት ያለችው ዳኛ ይህን ሰምታ፣ ልጅ መቀባበያ የሚሆን ሁለታችሁም የምታምኑት ቦታ በየወረቀታችሁ ጻፉ አለቻቸው። ሁለቱም የጻፉት የእትዬ አሰፋሽን ሱቅ ነበር። ለዓመታት ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ክብርት ወይዘሮ አሰፋሽ ትእዛዙን ኮፒ አስደርገው ከንግድ ፈቃዳቸው ጎን ግድግዳ ላይ ለጠፉት። "ፍርድ ቤቱ ያውቀኛል" ማለት ጀመሩ። ማክሰኞ አመሻሽ ሰሎሜ ታመጣለች፣ ነጋሽ ይወስዳል፤ ሃኒ አባቷ ጋ አድራ ረቡዕ ጠዋት ትምህርት ቤት ትገባለች። እሁድ ደግሞ ውላ ትመለሳለች። ርክክቡ እንደ ባንክ ነው። ግንባሯ ይዳሰሳል፣ ዚፗ ይዘጋል፣ ቦርሳዋ ይፈተሻል። እናት ወጥታ አባት እስኪገባ ያለችው አስር ደቂቃ የእትዬ አሰፋሽ የግል ግዛት ናት።

ለነጋሽ፣ "እውነትህን ነው ልጄ። አባት እንግዳ አይደለም" ይሉታል።

ለሰሎሜ፣ "እውነትሽን ነው ልጄ። ሸክሙ ያለው አንቺ ላይ ነው" ይሏታል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለቱም እትዬ አሰፋሽ ከእኔ ወገን ናቸው ብለው አመኑ።

በ2014 ጃንዋሪ የወረደውን በረዶ አትላንታ የኖረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሁለት ኢንች እንኳ ይሁን አይሁን እንጂ ከተማውን ቀጥ አድርጎት አደረ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ትምህርት ቤቶች ቶሎ ለቀቁ። ሆስፒታል የምትሠራው ሰሎሜ ተረኛ ስለነበረች ሃኒን ከሰዓቱ ቀድማ ሱቅ አድርሳት ሄደች። ነጋሽ ደግሞ አውራ ጎዳናው ላይ ከነቫኑ ቀረ። መኪናው እንደማይላወስ ሲገባው ጥግ አሲዞ ተወው፣ እግሩ ላይ ፌስታል አሰረና በእግሩ መጣ። ሱቁ ሲደርስ ነግቷል። ሃኒ ከባንኮኒው ጀርባ ጋቢ ተነጥፎላት ተኝታለች። አጠገቧ ጋደም ከማለቱ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ሲነቃ እግሩ ላይ ግራጫ ሻርፕ ጣል ተደርጎበታል። የሱቁ ይሆናል ብሎ አጣጥፎ አስቀመጠው።

"እናቷስ?" አለ።

"አውቃለሁ" አሉ እትዬ አሰፋሽ፣ "አንተ ሻይህን ጠጣ።"

ነጋሽ ሻዩን ጠጣ። ቂሙንም አብሮ ዋጠው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ በበረዶ ተጉዤ ስመጣ፣ እሷ ደውላም አልጠየቀች!

በዓመቱ ሰሎሜ ሮዝዌል የተሻለ ሥራ አገኘች፣ ቤትም እዚያው ተከራየች። ሃኒን አዲሱ ትምህርት ቤት አስገባቻት። ነጋሽ የሚኖረው ክላርክስተን ነው። ልጅ በጨለማ ተቀስቅሳ ያን ሁሉ መንገድ ወደ ትምህርት ቤት አትጓዝም፣ የማክሰኞ አዳር ይቅርልኝ ብላ አመለከተች። ያለችው ውሸት አልነበረም። ለነጋሽ ግን ማክሰኞ ማለት ሌላ ነገር ነው። ማክሰኞ ፓስታ ይሠራል፣ ሃኒ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ታነብለታለች፣ ያልገባውን ቆም ብላ እንደ አስተማሪ ታስረዳዋለች። ከዚያ መሃል ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ይህችን ሌሊት ካጣ፣ ልጁን የእሁድ ለእሁድ የሚያይ፣ አይስክሬም የሚገዛ እንግዳ ሊሆን ነው። ይህን ሲያስብ ያመዋል።

ጠበቆቹ የበረዶውን ቀን አነሱት። የሰሎሜ ጠበቃ፣ አባትየው አስራ አምስት ሰዓት ዘግይቷል አለ። የነጋሽ ጠበቃ፣ እናትየዋ ልጇን ሱቅ ጥላ ጠፍታለች አለ። ሁለቱም ምስክር ቆጠሩ፤ የሁለቱም ምስክር እትዬ አሰፋሽ ሆኑ።

እትዬ አሰፋሽ አልደነገጡም። እንዲያውም ነጋሽን ጠርተው "ዳኛ ደማቅ ነገር አይወድም፣ ግራጫ ልበስ" አሉት። ሰሎሜንም ጠርተው እንዲሁ መክረዋት ኖሯል፣ በቀጠሮው ቀን ሁለቱም ግራጫ በግራጫ ሆነው መጡ። ዳኛዋ ራሷ ደማቅ ቀይ ሸሚዝ ለብሳለች።

ፍርድ ቤቱ ተስፋጽዮን የሚባል አስተርጓሚ አቅርቦ ነበር። እትዬ አሰፋሽ በእጃቸው መለሱት። "እንግሊዝኛ አውቃለሁ። አንተ እኮ አማርኛ የተማርከው እኔ ሱቅ ነው።"

የነጋሽ ጠበቃ ተነሳ። "በዚያ የበረዶ ቀን፣ እናትየዋ በማግስቱ ጠዋት እንኳ ልጇ ወዳለችበት አልመጣችም። ልክ ነው?"

እትዬ አሰፋሽ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ። ከዚያ ወደ ተስፋጽዮን ዞረው በአማርኛ ጀመሩ።

"ልክ አይደለም። ጠዋት እሱ ከገባ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጥታለች። ከሆስፒታሉ በእግሯ ነው የመጣችው፣ በዚያች በሥራ ጫማዋ። እግሯ ርሶ ይንቀጠቀጣል። በሩን ስከፍትላት አየቻቸው። እሱ ፌስታሉን ሳይፈታ ተኝቷል፣ ልጅቷ ክንዱ ላይ ናት። ልቀስቅሰው ስላት፣ 'ይተዉት፣ ደክሞታል' አለችኝ። ሻርፗን ከአንገቷ ፈታ እግሩ ላይ ጣል አደረገች። 'መምጣቴን እንዳይነግሩት፣ ልትቆጣጠረኝ መጣች ይላል' ብላኝ በመጣችበት ተመለሰች።"

ነጋሽ ጠረጴዛውን ያዘ። ሰሎሜ አንገቷን ደፍታለች። ግራጫው ሻርፕ ትዝ አለው፣ እሱ አጣጥፎ ባንኮኒ ላይ ያስቀመጠው። የሰውን ሚስት እርግዝና ከባሏ ቀድመው የሚያበስሩ ሴት፣ ይህችን ወሬ አንድ ዓመት ሙሉ አፍነው ይዘዋት ነበር።

ዳኛዋ ራሷ ጠየቀች። "ወይዘሮ አሰፋሽ፣ እርስዎ ሁለቱንም በየሳምንቱ ያያሉ። ልጅቷ ማክሰኞ ማክሰኞ ከማን ጋር ብታድር ይሻላታል ይላሉ?"

ነጋሽ ዐይኑን ጨፈነ። እትዬ አሰፋሽ ሐሳብ የሌላቸው ነገር በዓለም ላይ የለም። አሁን አንዲት ቃል ይወረውራሉ፣ ከሁለት አንዳቸው ልጃቸውን ያጣሉ።

"አላውቅም" አሉ።

ተስፋጽዮን አልተረጎመም። "ምን አሉ፣ እትዬ?"

"አላውቅም ነው ያልኩት። ተርጉመው እንጂ!" ድምፃቸው ተሰበረ። "ሁለቱም በእግራቸው መጡ። እኔ ያየሁት ይሄን ነው። ከዚህ ወዲያ አላውቅም።"

ዳኛዋ የግማሽ ሰዓት እረፍት ሰጠች።

ነጋሽ ጠበቃውን ጥሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሰሎሜ መስኮቱ ጋ ለብቻዋ ቆማለች። አጠገቧ ሄዶ ቆመ።

"ለምን አልቀሰቀስሽኝም?"

"ተኝተህ ነበራ።" ፊቷን ጠረገች። "ደግሞ ቀኑ ያንተ ነበር።"

"አሁንስ?"

ሰሎሜ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። እንባዋ ይወርዳል። "ጠዋት ሮዝዌል በሰዓቱ ታደርሳታለህ? ካስረፈድካት ግን አልችልም፣ ነጋሽ። እውነቴን ነው።"

"አስር ሰዓት ሌሊትም ቢሆን እነሳለሁ። መኪና ውስጥ ትተኛለች። ትራስ አስቀምጥላታለሁ።"

"ቁርሷንስ?"

"አበላታለሁ። እንቁላሉን እንደምትወደው አድርጌ።"

"እሺ" አለች ሰሎሜ። "ማክሰኞ ያንተ ነው።"

ነጋሽ ሊያመሰግናት አፉን ከፈተ። እሷ ግን አልጠበቀችም፤ ሶፍት ከቦርሳዋ አውጥታ ግማሹን ቀድዳ ሰጠችው። ጠበቆቹ ተጠርተው የተስማሙበትን በጽሑፍ ሲያሰፍሩ፣ ርክክቡ የሚካሄድበት ቦታ ይቀየር ወይ ተብለው ተጠየቁ። ሁለቱም እኩል "አይቀየርም" አሉ።

እትዬ አሰፋሽ የፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ይዘውታል። ነጠላቸው ጠርዙ ርሷል። ሲያለቅሱ የቆዩ ሰው መሆናቸው ከሩቅ ያስታውቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲመጡ ሲያዩ ለመነሳት ወንበሩን ተደገፉ።

"እትዬ" አለ ነጋሽ፣ ጎንበስ ብሎ ክንዳቸውን እየደገፈ። "ተስማማን። ማክሰኞ አልተነካም።"

እትዬ አሰፋሽ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቀና አሉ።

"አውቃለሁ" አሉ።

ሰሎሜ ሳቋን ልትይዘው ሞክራ አልቻለችም። ነጋሽ ግን አልሳቀም፤ ግንባራቸውን ሳማቸው።