የኮሙናሉ ቁልፍ ጦር ሜዳ ሲወርድ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያለው ሰው ኮንዶሚኒየም አልደረሰበትም። በሱ ዘመን ጎረቤት በአጥር የሚለይ ሰው ነበር፤ የኛ የልደታዎቹ ጎረቤት ግን ከግድግዳው ወዲያ አስነጥሶ «ይማርህ» ካላልነው ይቀየማል። ሲቀየም ሽማግሌ ይጠራል። የብሎካችን ሽማግሌ ደግሞ፣ ሽበት ካወጣሁ ወዲህ፣ እኔ ነኝ።

ያቃተኝ ጠብ የእትዬ አልማዝና የእትዬ ዘነበች ነው። ድግስ ሲኖር ሁላችንም የምናበስልበትን የጋራ ቤት፣ የኮሙናሉን ቁልፍ የሚይዙት እትዬ አልማዝ ናቸው። እትዬ ዘነበች አምና ደግሰው ወለሉን ሳያጥቡ ሄዱ ተባለ፤ እሳቸው አጥቤያለሁ አሉ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። አሁን የእትዬ ዘነበች ልጅ ሰርግ ደርሷል፤ ቁልፉ ግን በእትዬ አልማዝ ነጠላ ጫፍ እንደተቋጠረ ነው። የሰርግ ወጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቤት ይሠራል? የሙሽራዋ እናት እንቅልፍ አጡ። ደጋግሜ ብሸመግልም አልሆነልኝም።

ስለዚህ እድራችን ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የአርበኞች የውጊያ ቦታ ጉብኝት ሲያዘጋጅ፣ ሁለቱንም ለምኜ አውቶቡስ ላይ ጫንኳቸው። ደም የፈሰሰበትን ምሽግ ያየ ሰው በወለል እጥበት ይጣላል? አንዷ ከሾፌሩ ኋላ፣ ሌላዋ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ምሽጉ ሣር በቅሎበታል። ሙዚየሙ አንዲት ክፍል ናት፤ ጎራዴ፣ ጋሻ፣ የዛገ ጠመንጃ። ወጣቷ አስጎብኚ አርበኞቹ እዚህ ተከበው ለሳምንታት እንደተዋጉ ስትነግረን፣ እትዬ ዘነበች ለዚህ ሁሉ ሰው ማን አበሰለለት ብለው ጠየቁ። ልጅቷ መልስ ሳትሰጥ፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ ጀግና በወኔ እንጂ በወጥ አይዋጋም አልኩ።

ከወዲያ ጥግ እትዬ አልማዝ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አንድ ቀን ምሳ ሳይበሉ ውለው ያውቃሉ?» አሉኝ። እትዬ ዘነበች ቀበል አድርገው፣ አምና በድግሳቸው ላይ ሁለቴ ምግብ ማንሳቴን መሰከሩ። እትዬ አልማዝ ሦስቴ ነው ብለው አረሟቸው። ከአምና ወዲህ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

አስጎብኚዋ እየሳቀች ከክፍሏ ጀርባ ካለች ጓዳ ጥላሸት የለበሰ ትልቅ ብረት ድስት አወጣች፤ ለአርበኞቹ ያበስሉ የነበሩ ሴቶች ድስት ነው፤ የሚጠይቅ ስለሌለ አላወጣነውም ነበር አለች። ሁለቱ ሴቶች አጎንብሰው ስንት ሰው እንደሚያበላ ተከራከሩ። ከድስቱ ወደ ሰርጉ ተሻገሩ። በመጨረሻ እትዬ አልማዝ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ቁልፉን ሰጧቸው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

እርቅ ግን ጥፋተኛው ካሳ ሳይከፍል አይጸናም። በመልሱ ጉዞ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መከሩና ያለ አንዳች ልዩነት ወሰኑ። ይኸው ዛሬ ኮሙናሉ ውስጥ የሰርጉን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ሁለቱም በላዬ ቆመው፣ አከታተፌ እንደማይረባ በአንድ አፍ ይነግሩኛል።